ዲሞክራሲን መርምሮ መማር፦ የጆን ዴዊ የመምህርነት ሕይወት

መግቢያ

በትምህርት ጥናት ክፍሎች ውስጥ የጆን ዴዊን ያህል ደጋግሞ የሚነሣ ስም ጥቂት ነው። ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴ በተወሳ ቁጥር ስሙ አብሮ ይወሳል፤ በድርጊት መማር፣ በቡድን መወያየት፣ በፕሮጀክት መሥራት ሁሉ የእርሱ ግኝቶች እንደሆኑ ተደርጎ ይቀርባል። የሰውየው የሕይወት ታሪክ በቅርብ ሲጠና ግን ከዚህ የተለየ ሥዕል ይታያል። ዴዊን ዕድሜውን ሙሉ ያስጨነቀው ጥያቄ የጋራ ችግራቸውን በጋራ መርምረው መወሰን የሚችሉ ዜጎች ከየት ይመጣሉ የሚል ነበር። የማስተማር ዘዴ የሚባለው ነገር ለእርሱ ከዚህ ጥያቄ የሚከተል ጉዳይ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የዴዊን ሕይወት ከዚሁ ጥያቄ አንጻር መተረክ ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው ዋና ሐሳብ፣ መርምሮ መማር በዴዊ ዘንድ የዜግነት ልምምድ እንደነበረና ይህም ልምምድ መልሱ አስቀድሞ ባልተወሰነበት፣ መምህሩም በተማሪው መልስ ምክንያት በማይቀጣበት ስፍራ ብቻ ሊጸና እንደሚችል የራሱ ሕይወት የሚያሳይ መሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና የመጀመሪያዎቹ የመምህርነት ዓመታት

ጆን ዴዊ ኦክቶበር 20 ቀን 1859 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት በምትገኘው በርሊንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ አርቺባልድ ባለ ሱቅ ነጋዴ የነበረ ሲሆን፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ንግዱን ትቶ ከሰሜኑ ጦር ጋር ዘምቷል። ዴዊ በተወለደባት ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1879 ሲመረቅ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያም ወደ ፔንሲልቬኒያ ግዛት ሄዶ፣ በነዳጅ ዘይት ሀብቷ በተስፋፋችው ኦይል ሲቲ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲን፣ አልጀብራና የተፈጥሮ ሳይንስ ለሁለት ዓመታት አስተማረ። ወደ ቨርሞንት ተመልሶም በአንዲት ትንሽ ከተማ ለአጭር ጊዜ በመምህርነት ሠርቷል። ስለ ትምህርት በኋላ የጻፈው ሁሉ የጥቁር ሰሌዳን ሥራ ከሚያውቅ ሰው እጅ የወጣ ነው።

በ1882 ዴዊ ከተመሠረተ ገና ጥቂት ዓመታት ወደሆነው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1884 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀብሎ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ማስተማር ጀመረ። በዚያም ተማሪ የነበረችውን አሊስ ቺፕማንን አገኘና በ1886 ተጋቡ። ስለ ማኅበራዊ ኢፍትሐዊነት ጥብቅ አቋም ያላት ሴት ነበረች፤ የባሏን ፍልስፍና ከረቂቅ ሐሳብ ወደ ሰዎች የዕለት ችግር ያቀረበችው እርሷ እንደሆነች ብዙ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ሚቺጋን እያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሥራ በቅርብ የመመልከት ዕድል ያገኘ ሲሆን፣ የራሱም ልጆች መወለድ ልጅ እንዴት ያስባል የሚለውን ጥያቄ ቤቱ ድረስ አመጣለት።

ቺካጎ፦ ከተማውና ትምህርት ቤቱ

በ1894 ዴዊ አዲስ በተቋቋመው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና፣ የሥነ ልቦናና የትምህርት ጥናት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ወደ ከተማዋ የገባው የፑልማን የባቡር ፋብሪካ ሠራተኞች ያስነሡት የሥራ ማቆም አድማ አገሪቱን ባናወጠበት ሰሞን ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ጦር ልኮ አድማውን ሲበትን ዴዊ በቅርብ ተመለከተ፤ ልቡም ወደ ሠራተኞቹ አዘነበለ። በዚያችው ከተማ ጄን አዳምስ ከ1889 ጀምሮ የምትመራው ሐል ሀውስ የተባለ የማኅበራዊ አገልግሎት ማዕከል ነበረ። ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የመጡ ድሆች ስደተኞች እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ይማራሉ፣ ስለ ሰፈራቸው ችግርም ይመካከራሉ። ዴዊ የማዕከሉ የቦርድ አባል ሆኖ አገልግሏል፤ በ1900 የተወለደችውን ልጁንም በአዳምስ ስም ጄን ብሎ ጠራት። ዲሞክራሲ በምርጫ ቀን ብቻ የሚታይ የመንግሥት ዓይነት አለመሆኑን፣ ከዚያ ይልቅ አብሮ የመኖርና አብሮ የማሰብ ልማድ መሆኑን ከመጻሕፍት ይልቅ በዚህ ቤት እንደተማረ መገመት ይቻላል።

በጃንዋሪ 1896 ዴዊና አሊስ በዩኒቨርሲቲው ሥር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሥራው የተጀመረው በ16 ልጆችና በሁለት አስተማሪዎች ነበር፤ በ1902 ግን የተማሪዎቹ ቁጥር 140፣ የመምህራኑ 23 ደርሶ፣ 10 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በረዳትነት ይሠሩበት ነበር። ዴዊ ትምህርት ቤቱን የሚያየው ፊዚክስና ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ እንዳላቸው ሁሉ የትምህርት ጥናትም የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራ አድርጎ ነው። ስለዚህም «የቤተ ሙከራው ትምህርት ቤት» በሚል ስም ታወቀ።

በዚህ ትምህርት ቤት የነበረውን አሠራር ለመረዳት፣ ዴዊ በ1899 ባሳተመው «ትምህርት ቤትና ኅብረተሰብ» በተሰኘው መጽሐፉ ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱን ማንሣት ይበቃል። ልጆቹ ተልባ እግር፣ ከተክሉ የተለቀመ ጥጥና ከበግ ጀርባ የተሸለተ ሱፍ ይሰጣቸዋል። እነዚህን እያነጻጸሩ ሲመረምሩ፣ የጥጥ ልብስ ከሱፍ ልብስ ዘግይቶ የተስፋፋው ለምን ይሆን የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን መምህሩ አይነግራቸውም። ልጆቹ ጥጡን ከፍሬው በእጃቸው ለመለየት ተቀምጠው ይታገላሉ፤ ከግማሽ ሰዓት ድካም በኋላም ያገኙት ንጹሕ ጥጥ ከአንድ አውንስ ያነሰ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የጥጥ መዳመጫ መሣሪያ መፈልሰፍ ለምን የሰዎችን አኗኗር እንደቀየረ ከእጃቸው ድካም ይረዳሉ። ፈትል ሲቀልድ ያደገ የአገራችን አንባቢ ይህን ምሳሌ ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። ከአንድ እፍኝ ጥጥ የተነሣው ጥያቄ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ጉልበት ሥራና ወደ ንግድ ይዘልቃል፤ ልጁም ኅብረተሰቡ የቆመበትን መሠረት ይመረምራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ዜግነት ይበልጥ ይቀርባል። ትልልቆቹ ልጆች ለክርክርና ለፎቶግራፍ ክበቦቻቸው መሰብሰቢያ ቦታ በማጣታቸው የራሳቸውን ትንሽ የክበብ ቤት ለመሥራት ተነሡ። ቤቱን መንደፍ፣ ወጪውን ማስላት፣ ሥራውን መከፋፈል የእነርሱ ድርሻ ሲሆን፣ ሥራው ከአቅማቸው በላይ ሲሆንባቸው የሌሎችን ክፍሎች እገዛ መጠየቅ ነበረባቸው። የተለያየ ፍላጎት ያላቸው ቡድኖች አንድን የጋራ ችግር በመመካከር መፍታት ማለት ዴዊ ዲሞክራሲ የሚለው ነገር ራሱ ነው። በዚህ ቤት ሥራ ላይ የተሳተፈ ልጅ ስለ ዲሞክራሲ ትርጓሜ ባይጠየቅም፣ ውሳኔ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ የተሳሳተ ውሳኔም ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል።

የመምህሩ ነፃነትና የ1904 ስንብት

በትምህርት ቤቱ መምህራን በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ይመክሩ ነበር። ዴዊ በ1903 ባወጣው ጽሑፍ፣ ስለሚያስተምረው ትምህርት ይዘትና ስለሚጠቀምበት መጽሐፍ የመወሰን ድርሻ የሌለው መምህር ተማሪዎቹን በነፃነት እንዲያስቡ ሊያደርግ አይችልም ሲል ተከራክሯል። የዚህ ክርክር ትርጉም ከዘዴ በላይ ነው። ትእዛዝ ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች ብቻ የሚያስተላልፍ መምህር፣ በክፍል ውስጥ ምንም ያህል ቡድን ቢያደራጅ፣ ተማሪዎቹ ከእርሱ የሚማሩት ትእዛዝ መቀበልን ነው።

ይሁንና ዴዊ ራሱ የተፈተነበት አጋጣሚ ሩቅ አልነበረም። የቤተ ሙከራው ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው ሥር ከነበረ ሌላ ትምህርት ቤት ጋር እንዲዋሐድ ሲደረግ፣ ርዕሰ መምህርቷ አሊስ ሆነች። የሌላው ትምህርት ቤት መምህራን የሥራ ዋስትናችን አደጋ ላይ ይወድቃል ብለው ሠጉ፤ ቅሬታቸውንም ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ሬኒ ሃርፐር የአሊስ ሹመት ጊዜያዊ መሆኑን ሲያስታውቅ ባልና ሚስቱ ይህን አስቀድመው እንዳልሰሙ በመግለጽ በ1904 ሥራቸውን ለቀቁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ይበልጥ ጥፋተኛ እንደነበር መወሰን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በልጆች መካከል ያን ያህል የተሳካው የመመካከር ልማድ በአዋቂዎቹና በአስተዳደሩ መካከል እንዳልጸና ልብ ማለት ይገባል።

በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ወደ አውሮፓ ተጓዘ፤ በጉዞውም ላይ ጎርደን የተባለው የስምንት ዓመት ልጃቸው በአንጀት ተስቦ ሞተ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሌላው ልጃቸው ሞሪስ በኢጣሊያ በሕመም አርፎ ነበር። በዚህ ሐዘን መካከል ሳቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ ልጅ እንደ ልጃቸው አድርገው ወሰዱ። ዴዊ ወደ ቺካጎ አልተመለሰም። በኒው ዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው፤ እስከ 1930 ድረስም በዚያ አስተማረ።

ከሐሳብ አካሄድ ወደ ዲሞክራሲ ትምህርት

በ1910 ዴዊ «እንዴት እናስባለን» የተባለውን መጽሐፍ ለመምህራን አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የአስተሳሰብን ሂደት በአምስት ደረጃዎች ከፍሎ አሳይቷል፦ አንድ እንቅፋት ወይም ግራ መጋባት ይሰማናል፤ ችግሩ ምን እንደሆነ ለይተን እናስቀምጣለን፤ ሊሆን የሚችል መፍትሔ በመላ ምት መልክ ይመጣልናል፤ መላ ምቱ ምን ምን እንደሚያስከትል እናሰላስላለን፤ በመጨረሻም ተጨማሪ ምልከታና ሙከራ አድርገን እንቀበለዋለን ወይም እንጥለዋለን። ዛሬ መርምሮ መማር ተብሎ የሚጠራው የማስተማር አካሄድ ከዚህ ክፍፍል ብዙ ወስዷል። የመጀመሪያው ደረጃ እውነተኛ ግራ መጋባት መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መምህሩ መልሱን ይዞ ጥያቄውን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ተማሪው የሚመረምረው ችግሩን ሳይሆን የመምህሩን ፊት ነው።

በ1916 የወጣው «ዲሞክራሲና ትምህርት» ይህን ሐሳብ ወደ ኅብረተሰቡ ሁሉ ያሰፋዋል። በዴዊ አመለካከት አንድ ኅብረተሰብ ዲሞክራሲያዊነቱ የሚለካው አባላቱ ምን ያህል ጉዳዮችን በጋራ እንደሚካፈሉ፣ ከሌሎች ቡድኖችም ጋር ምን ያህል በነፃነት እንደሚገናኙ በማየት ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር ሥር የተቋቋመ ኮሚቴ ስለ ሁለተኛ ደረጃ የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ዘገባ አወጣ። ከዚያ በፊት የሥነ ዜጋ ትምህርት በአብዛኛው የሕገ መንግሥቱን አንቀጾችና የመንግሥት አካላትን አደረጃጀት በቃል ማጥናት ነበር። ኮሚቴው ግን ተማሪዎች በአካባቢያቸው ከሚያዩት እንደ ጤና፣ ውኃና ትምህርት ካሉ ጉዳዮች ተነሥተው የማኅበረሰብ ሥነ ዜጋ እንዲማሩ፣ በመጨረሻው ዓመትም የዲሞክራሲ ችግሮችን እየመረመሩ እንዲያጠኑ ሐሳብ አቀረበ። የዴዊ አስተሳሰብ አሻራ በዘገባው ላይ በግልጽ ይታያል።

የ1917 ፈተና

አሜሪካ በአፕሪል 1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ዴዊ ውሳኔውን ደገፈ፤ ጦርነቱ ለአዲስ ዓለም አቀፍ ሥርዓት በር ይከፍታል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ተማሪውና አድናቂው የነበረው ወጣቱ ጸሐፊ ራንዶልፍ ቦርን ግን በዚያው ዓመት መምህሩን በብርቱ ነቀፈ። የቦርን ነቀፌታ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ የዴዊ ፍልስፍና ችግርን ለመፍታት የሚረዳ መሣሪያ ነው፤ ዓላማው አስቀድሞ በሌሎች በተወሰነበት ሰዓት ግን ዓላማውን ራሱን የሚጠይቅበት አቅም ያጣል፤ በዚህም ለጦርነቱ ሥራ ብልህ ፈጻሚዎችን ብቻ ያፈራል። ቦርን በ1918 ገና በወጣትነቱ በኅዳር በሽታ ሞተ፤ ነቀፌታው ግን በዴዊ ሕይወት ላይ ከተሰነዘሩት ሁሉ የከበደ ሆኖ ይኖራል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሆነው ነገር ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ክፍል ውስጥ አመጣው። አንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ተማሪዎቹ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ስለ ጦርነቱ አመራር ያላቸውን አስተያየት በግልጽ ደብዳቤ መልክ እንዲጽፉ ሥራ ሰጠ። አንድ ተማሪ ፕሬዚዳንቱን ክፉኛ የሚተች ደብዳቤ ጻፈ። መምህሩም ተማሪውን በበቂ አልገሠጸም ተብሎ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ አገር ፍቅር ጉድለት ተከሰሰ፤ ሦስቱም ከሥራ ተሰናበቱ። ዴዊ ጦርነቱን ደጋፊ እንደሆነ በይፋ ይታወቅ ነበር፤ ያም ሆኖ ለእነዚህ መምህራን ቆመ፤ ክሱም ሆነ የተዳኙበት መንገድ ፍትሕ የጎደለው መሆኑን ጽፎ ተሟገተ።

ይህ ክስተት ለርዕሳችን ከሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ይዟል። የተሰጠው ሥራ፣ በዛሬው አነጋገር፣ መርምሮ መማርን የሚከተል የሥነ ዜጋ ትምህርት ነበር፦ እውነተኛ ጉዳይ፣ እውነተኛ ተቀባይ፣ የተማሪው የራሱ ሐሳብ። ሥራው ችግር የሆነው ተማሪው ያልተጠበቀውን መልስ በጻፈ ጊዜ ነው። ዴዊ ከ1903 ጀምሮ ስለ መምህሩ ነፃነት ያነሣው ክርክር በዚህ ስፍራ ትርጉሙን ያገኛል፤ ዘዴው የሚጠበቀው በሥልጠና ብቻ ሳይሆን በሕግና በሥራ ዋስትናም ጭምር ነው። ዴዊ በ1915 የተመሠረተው የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መሆኑም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ

የቨርሳይ ስምምነት ዴዊን አሳዘነው፤ በ1920ዎቹ ጦርነት ራሱ በሕግ እንዲወገዝ ለሚጠይቀው እንቅስቃሴ ድምፁን ሰጠ። በአደባባይ የያዘው አቋም በውጤቱ ሲፈተን መለወጡ ለራሱ ትምህርት የታመነ መሆኑን ያመለክታል።

በ1919 ወደ ቻይና ሲደርስ የግንቦት አራቱ የተማሪዎች ንቅናቄ ሊፈነዳ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ያሰበው ቆይታ እስከ 1921 ተራዘመ፤ በብዙ ክፍላተ አገርም እየተዘዋወረ አስተማረ። በኮሎምቢያ ተማሪው የነበረው ታኦ ሺንግጂ የዴዊን ሐሳብ ለገጠር ቻይና በሚስማማ መልክ ለውጦ በ1927 በናንጂንግ አቅራቢያ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ መንግሥት ግን በ1930 ዘጋው። የኒው ዮርኩ ታሪክ በሌላ አገር፣ በከፋ መልክ ተደገመ ማለት ይቻላል።

በዚህ ዘመን ጋዜጠኛው ዋልተር ሊፕማን፣ ተራው ዜጋ ውስብስቡን የዘመኑን ዓለም ለመረዳት ጊዜውም ዕውቀቱም የለውም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለባለሙያዎች ሊተው ይገባል የሚል ክርክር አነሣ። ዴዊ በ1927 ባሳተመው «ሕዝብና ችግሮቹ» በተባለው መጽሐፍ መለሰለት። ባለሙያ መፍትሔ ማበጀት ይችላል፤ ችግሩ የሚያመው የት ላይ እንደሆነ ግን የሚያውቀው የሚኖርበት ሕዝብ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ሕዝቡን ከውሳኔ ማራቅ ሳይሆን የመመርመርና የመወያየት አቅሙን ማሳደግ ነው ሲል አስረዳ። ሥራው የሚጀመረውም በትምህርት ቤት እንደሆነ አንባቢው ያስተውላል።

በ1937፣ በ77 ዓመቱ፣ ሞስኮ በሌለበት ክስ የመሠረተችበትን የሊዮን ትሮትስኪን ጉዳይ የሚመረምር ኮሚሽን ሰብሳቢ ሆኖ ወደ ሜክሲኮ ተጓዘ። የትሮትስኪ ፖለቲካ ተከታይ አልነበረም፤ ተከሳሽ ሳይሰማ ሊፈረድበት አይገባም ብሎ ግን ያምን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ባወጣው «ልምድና ትምህርት» ደግሞ ፊቱን ወደ ራሱ ተከታዮች መለሰ። ልጆችን ነፃ እናወጣለን ብለው የመምህሩን መሪነትና የትምህርቱን ሥርዓት የጣሉ ትምህርት ቤቶችን ተቸ፤ ልምድ ሁሉ እንደማያስተምር፣ ልምዱን የመምረጥና የማደራጀት ኃላፊነትም የመምህሩ እንደሆነ አስገነዘበ። አሊስ በ1927 ሞታ ነበር፤ በ1946 ሮበርታ ግራንትን አግብቶ፣ ጁን 1 ቀን 1952 በ92 ዓመቱ በኒው ዮርክ አረፈ።

ማጠቃለያ

በአገራችን ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ራሱን ችሎ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ተማሪ ተኮር ዘዴም በፖሊሲና በመምህራን ሥልጠና ውስጥ የታወቀ ቃል ሆኗል። የዴዊ ሕይወት ለዚህ ጥረት የሚያዋጣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪዎችን በክብ ማስቀመጥ ብቻውን መርምሮ መማር ሊባል አይችልም፤ መነሻው መምህሩም ተማሪውም መልሱን ያልጨረሱት፣ ከልጆቹ ኑሮ የወጣ ጥያቄ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልፎ አልፎ የማይወደድ መልስ ማምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መምህሩ ብቻውን ከቆመ ዘዴው በማግሥቱ ይሞታል።

ስለዚህ በሥነ ዜጋ ትምህርት ላይ የሚደረግ ጥናት የክፍል ውስጥ ቴክኒክን ሲለካ፣ መምህሩ ምን መጠየቅ እንደሚደፍር፣ የሚደፍርበትም ዋስትና ከየት እንደሚገኝ አብሮ ቢመረምር ይጠቅማል። ዴዊ በቺካጎ ያጣው፣ በ1917 ለሌሎች የተሟገተለትም ይኸው ዋስትና ነበር።